አፈ ንጉሥ ስሙ ቀረ፣ ሥራው አልቀረም

ነገሥታቱ ለአገሪቱ የበላይ ዳኛ የሰጡት ማዕረግ «አፈ ንጉሥ» ነበር። የንጉሥ አፍ። ቢያንስ አልዋሹንም። ዳኛው በማን አንደበት እንደሚናገር ከስሙ ያስታውቃል። በእሱ ፍርድ ያልረካ ሰው ወደ ዙፋን ችሎት ይሄዳል፤ የመጨረሻው ቃል የንጉሡ ነው። ማዕረጉ ከዘውዱ ጋር ቀረ። ዛሬ ወንበሩ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ይባላል። እኔ ግን የተቀየረው በዋናነት ስሙ ነው ባይ ነኝ።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፣ ሕግ አልተማርኩም። ግን በአንድ ፕሮጀክት ላይ ሥልጣኑ ማን ጋ እንዳለ ለማወቅ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ መጨረሻ ላይ «መርጅ» የሚለውን የሚጫነው ማነው? የቀረው ሁሉ አስተያየት ሰጪ ነው። ሕገ መንግሥቱን በዚህ ዓይን አንብቡት (ፒዲኤፉ ስልክ ላይ ይከፈታል፣ ሰበብ የለም)።

አንቀጽ 81 ላይ ፕሬዚዳንቱን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ የተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል። የሌሎቹ የፌዴራል ዳኞች እጩነት በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ በኩል ነው የሚመጣው። ለትልቁ ወንበር ግን አንቀጹ ያቺን ማጣሪያ እንኳ አላስቀመጠም። ስንት ዓመት እንደሚቀመጥበትም አይናገርም።

ዋናው ጉድ ግን ቀጥሎ ነው። የሕገ መንግሥት ትርጉም ክርክር ሲነሳ የሚወስነው ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ አንቀጽ 83። የአገሪቱ ቁጥር አንድ ዳኛ የሚሰበስቡት 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። ሐሳብ!

2012ን አስታውሱ። ኮሮና መጣ፣ ምርጫው አልቻልንም ተባለ፣ ጥያቄው ወደ አጣሪ ጉባኤው ሄደ። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በሰብሳቢነት ተቀምጠው የሕግ ባለሙያዎች በቴሌቪዥን ሲከራከሩ አየን፤ እውነት ለመናገር ደስ የሚል ነገር ነበር። ከዚያስ? ሰኔ 3 ቀን ውሳኔውን የሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በውሳኔው የምክር ቤቶች የሥራ ዘመን ተራዘመ፣ የራሱም ጭምር። ምርጫ መራዘሙ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ተዉትና አንድ ነገር መልሱልኝ፦ የራሱን ዕድሜ ጉዳይ ራሱ የሚፈርድ ዳኛ የት አገር አለ?

«ሰበር ሰሚውስ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ ሰበር የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከላይ እስከ ታች ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ስለ ቤት ሽያጭና ስለ ውርስ ትልቅ ሥልጣን ነው። መንግሥት ራሱ ሕገ መንግሥቱን ጣሰ ሲባል ግን በሩ እዚያ ይዘጋል። ሕገ መንግሥቱ የብሔር ብሔረሰቦች ውል ስለሆነ የሚተረጉመው የእነሱ ቤት ነው የሚለውንም ክርክር አውቀዋለሁ። ውል ከሆነማ የባሰ ሦስተኛ ሰው ይፈልጋል! ውል የተዋዋሉ ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌ የሚጠሩት እኮ ለዚህ ነው።

«ጥሩ ሰው ይሾም» የሚለው መፍትሔ ብዙም አያሳምነኝም። ወይዘሮ መዓዛ በጥቅምት 2011 በወንበሩ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ ብዙዎቻችን አጨበጨብን። በጥር 2015 ለቀቁ። ምክር ቤቱ ተተኪያቸውን የሾመው በዚያው ቀን፣ በዚያው አሠራር ነው። ሰው ተቀየረ፣ ፐርሚሽኑ ግን እንዳለ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም፦ እጩው ከዳኞችና ከጠበቆች በኩል ይምጣ፣ የሥራ ዘመኑ በሕገ መንግሥቱ ይጻፍ፣ የትርጉም ሥልጣኑም ለፍርድ ቤት ይሰጥ። ችግሩ፣ አንቀጽ 105 ለማሻሻያው የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል፣ ከዚያ ደግሞ የክልል ምክር ቤቶችን። ቁልፉን አስረክብ የምንለው ቤት ራሱ እጁን ማውጣት አለበት ማለት ነው።