የማለስለሻ ማሽን ሲተከል ሳንባም ይታሰብ

የጎንደር የእንጨት ሥራ ሙያ ረጅም ዘመን ያስቆጠረ ነው። በመላእክት ገጽ ያሸበረቀው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ለዚህ ምስክር ነው። የቀድሞው አናጺ ሳንቃውን በመጥረቢያ ጠርቦ በእጅ መላጊያ ሲልገው፣ የሚወጣው ፍቅፋቂ ከእግሩ ሥር ይወድቅ ነበር። ዛሬ ግን ብርጭቆ ወረቀት የተጠቀለለበት ሲሊንደር በሞተር ኃይል እየተሽከረከረ የዋንዛውንም የባሕር ዛፉንም ሳንቃ በደቂቃዎች ውስጥ ያለሰልሳል። ፍጥነቱ መልካም ነው፤ ከማሽኑ የሚወጣው ግን ፍቅፋቂ ሳይሆን ብናኝ ነው።

አቋማችንን ከወዲሁ እንግለጽ። የብናኝ መሳቢያ ያልተገጠመለት የማለስለሻ ማሽን ተከላው አልተጠናቀቀም፤ ስለዚህም ሥራ ሊጀምር አይገባም። መሳቢያው ገንዘብ ሲተርፍ የሚገዛ ተጨማሪ ዕቃ ሳይሆን፣ እንደ ሞተሩ ሁሉ የማሽኑ አካል ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትልልቁ ሰጋቱራ ወዲያው መሬት ይወድቃል። ከ10 ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ ያነሰው ቅንጣት ግን በአየር ላይ ለረጅም ጊዜ ይንሳፈፋል፤ ለዓይን ሳይታይም ወደ ሳንባ ይዘልቃል። ጉዳቱ በሳልና በአስም አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በእንግሊዝ አገር በቤት ዕቃ ሥራ በታወቀችው የሀይ ዊኮም ከተማ አካባቢ፣ ሐኪሞች በእንጨት ሠራተኞች ላይ እምብዛም የማይታይ የአፍንጫ ካንሰር በዝቶ አገኙ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡ ነገሮች ጎራ መድቦታል። በሽታው የሚገለጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ በመሆኑ፣ የ20 ዓመት ወጣት ዛሬ «ምንም አልሆንኩም» ማለቱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

«በርና መስኮት መክፈት ይበቃል» የሚሉ አሉ። ነፋስ ግን ብናኙን ይበትነዋል እንጂ አይለቅመውም፤ በደባርቅ ብርድ ደግሞ በሩ መዘጋቱ አይቀርም። በአፍና በአፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅም ደቃቁን ብናኝ አያግድም። ብናኝ የሚያዘው ከሚወጣበት ቦታ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የደጋ ነዋሪዎች ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ብዙ ሞተሮች የሚሠሩት ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ታስበው ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር፣ ደባርቅ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ናቸው። በነዚህ ከፍታዎች የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ወደ አራት አምስተኛና ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ሞተሩ እንደ ልብ አይቀዘቅዝም፤ የመሳቢያው የመሳብ ግፊትም ይቀንሳል። በመሆኑም መሳቢያው አቅሙ ከፍ ያለ፣ ቱቦውም አጭርና ያልተጣመመ ሊሆን ይገባል።

የቀረው የተከላ ሥርዓት ከባድ አይደለም። ማሽኑ በማይነቃነቅ ወለል ላይ ይታሰር፤ የመሬት መስመር ይዘርጋለት፤ የማቆሚያው ቁልፍ ሠራተኛው ሳይራመድ እጁ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። ቺንጋውና ሲሊንደሩ መከለያ ይኑራቸው። ብርጭቆ ወረቀት የሚቀየረው ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ ነው። ከአሮጌ እንጨት ላይ ምስማር ይነቀል፤ አንዲት ብልጭታ ሰጋቱራን ታነዳለችና። አጭር ቁራጭ እንጨት ወደ ኋላ ሊወረወር ስለሚችል ሠራተኛው በማሽኑ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ይቁም። ጋቢና ነጠላ በማሽን አጠገብ ቦታ የላቸውም፤ ጓንትም እንዲሁ፤ ሲሊንደሩ ከያዛቸው እጅንም ይዘው ይሄዳሉና።

ወጪው ከብዶ በሚታየው በማኅበር በተደራጀ ወጣት እንፈርዳለን ማለታችን አይደለም። ሆኖም ብድር ሲጠየቅና ማሽን ሲመረጥ መሳቢያው በዋጋው ውስጥ ይቆጠር፤ አበዳሪውም አሠልጣኙም ይህን ይጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታን የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በተመሠረተባት ጎንደር፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር ባዕድ ሊሆን አይገባም። የፊዚክስና የጤና ተማሪዎችም በአቅራቢያችን ወዳሉት የእንጨት ሥራ ቤቶች ሄደን ብናኙን ብንለካ፣ ቱቦውንም አብረን ብንዘረጋ፣ የተማርነው ትምህርት ለሠራተኛው ጤና ይውል ነበር።