በሌላ ሰው የሐኪም ወረቀት አትብሉ

የዕድሜ እኩዮቼ፣ የምጽፍላችሁ ስለምንሳቀቅበት ነገር ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ስናወራ እንውላለን፤ የአንጀት ነገር ሲነሣ ግን «ጨጓራዬ ነው»፣ «ኪንታሮቴ ተነሥቶብኝ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ከዚያ አንዱ ከሐኪም ቤት ይዞት የመጣውን የምግብ ወረቀት ልጆች በስልክ ፎቶ ያነሡታል፤ ብዙም ሳይቆይ ግማሹ ማኅበርተኛ ሩዝና ነጭ ዳቦ በሊታ ይሆናል። ሌላው ግማሽ ደግሞ «መድኃኒቱ አሰር ነው» ተብሎ በባዶ ሆዱ ተልባ ይጠጣል። በሁለቱም በኩል የተጎዱ ሰዎች አሉ።

አሰር፣ ፋይበር የሚሉት፣ ሆድ የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል ነው። ለጤነኛ ሰው በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ይመከራል። አንጀቱ ለቆሰለ ወይም ለጠበበ ሰው ግን ሐኪሙ ወደ 10 ግራም ገደማ ያወርደዋል፦ ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ ለጥቂት ሳምንታት፣ ክሮንስ የሚባለው የአንጀት መቆጣት በሽታ ወይም የአንጀት ቲቢ ጠባሳ መተላለፊያውን ሲያጠበው፣ የአንጀት ቁስለት ሲያገረሽ፣ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም የትልቁ አንጀት የካሜራ ምርመራ፣ ከመደረጉ 2 ወይም 3 ቀን ቀደም ብሎ። ነጭ ሩዝ፣ ፓስታ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ልጣጩ የተነሣ ድንች፣ የበሰለ ሙዝ፣ የተጠለለ ሾርባ ይበላል። ጎመን፣ ባቄላ፣ ምስር፣ በቆሎ፣ ለውዝ ይቀራል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንታለልበት ነገር አለ። «እንጀራዬ ነጭ ጤፍ ነው» ብሎ የሚጽናና ሰው ስንት ነው! የጤፍ ፍሬ ከደቃቅነቱ የተነሣ ገለባው አይለይም፤ ነጩም ሆነ ቀዩ ከነገለባው ነው የሚፈጨው። ነጭነቱ የዘሩ መልክ እንጂ እንደ ፉርኖ ዱቄት የመነጠሩ ምልክት አይደለም። አንጀቱ የጠበበ ሰው ይህን ለሐኪሙ አንሥቶ ይጠይቅ።

ሌላው ጥርሳችን ነው። ቡና ተፈልቶ ቆሎ ሲቀርብ እዩን፤ መንጋጋ የሌለን ሰዎች ፍሬውን ከዚህ ጉንጭ ወደዚያ ጉንጭ ስናመላልስ ቆይተን በመጨረሻ ከነነፍሱ እንውጠዋለን። ሳይታኘክ የገባ ቆሎና ንፍሮ ጤነኛ አንጀት ያሳልፈው ይሆናል፤ ጠባሳ ያለበት ላይ ግን ይቀረቀራል። የበለስ ፍሬም ሲበዛ ታች ተጠራቅሞ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ በእጅ እስከ ማስወጣት ያደርሳል። ተልባ የምትወስዱትም ውኃ ጠጡበት። ሌሊት ሽንት እንዳያስነሣን ብለን ውኃ የምንቆጥብ ብዙ ነን፤ አሰር ያለ ውኃ ድርቀቱን ያብሰዋል።

ዋናው ፍርሃቴ ግን ሌላ ነው። ለስላሳ ምግብ ሆድን ዝም ያሰኛል። ቁርጠቱ ይቀንሳል፣ መነፋቱ ይረግባል፣ ሰውየውም «ዳንኩ» ብሎ ቀጠሮውን ይተዋል። ምግቡ ግን የጠበበውን አላሰፋም። ያጠበበው ዕጢ ከሆነ ማደጉን ይቀጥላል፤ ባለቤቱም የሚያስጠነቅቀውን ሕመም በገዛ እጁ አስታግሶ ወራት ያሳልፋል። ሰገራችሁ ላይ ደም ካያችሁ፣ ሳታስቡት ከከሳችሁ፣ የመጸዳጃ ልማዳችሁ ተለውጦ ሳምንታት ከቆየ፣ ኪንታሮት ነው ብሎ የሚፈርደው ያየው ሐኪም ብቻ ይሁን። የመታየቱን ኀፍረት አውቀዋለሁ፤ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

ያለ ቀን ገደብ የተያዘ አሰሩ የተቀነሰ ምግብም የራሱን ዕዳ ያመጣል፤ ድርቀት፣ ማማጥ፣ የቫይታሚን እጥረት። ስለዚህ ወረቀቱን ስትቀበሉ «እስከ መቼ?» በሉ። ሲፈቀድም ወደ ጎመኑና ወደ ሽሮው ቀስ በቀስ፣ አንድ በአንድ ተመለሱ።

ሐኪሞቹ ራሳቸው ሐሳብ የለወጡበት ጉዳይ መሆኑንም እወቁ። የትልቁ አንጀት ግድግዳ ከረጢት እየሠራ ለሚወጣበት ሰው ለአሥርተ ዓመታት አሰር ይከለከል ነበር። በ1971 እ.ኤ.አ. ቀዶ ሐኪሞቹ ኔይል ፔይንተርና ኡጋንዳ ውስጥ የሠራው ዴኒስ በርኪት በሽታው የሚመጣው ከአሰር እጥረት ነው ብለው ጻፉ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ ከ47 ሺህ በላይ ወንዶችን አሜሪካ ውስጥ 18 ዓመት ተከታትሎ፣ ለውዝና ፈንዲሻ የከረጢቶቹን መቆጣት እንደማያበዛ አገኘ። ዛሬ አሰር የሚቀነሰው በሚቆጣበት ሰሞን ነው። የድሮ ምክር ይዛችሁ ከሆነ አስመርምሩት።

ሁዳዴ ሲገባ የሐኪም ትእዛዝ ያለበት ሰው አስቀድሞ ንስሐ አባቱን ያማክር። እንቁላሉና ዓሣው ከቀረ ጾመኛው የሚደርሰው ሽሮና ምስር ላይ ነው፤ ከነሱም ደግሞ ተከልክሏል። ሩዝ፣ ፓስታና የድንች አልጫ ለጊዜው ይይዙታል፤ 55 ቀን ሙሉ ግን አቅም አይሆኑም።

አሁን የምለውን ለልጆቻችሁም ንገሩ። ሆድ ተነፍቶ ቁርጠት ሲመላለስ፣ ሰገራ ብቻ ሳይሆን አየርም አልወጣ ሲል፣ ማስመለስ ሲከተል አንጀቱ ተዘግቷል ማለት ነው። በአገራችን ትልቁን አንጀት ከሚዘጉት ዋነኛው መታጠፍ ነው፤ ወንዶችን ይበልጥ ይይዛል። ታጥፎ ደም የተቋረጠበት አንጀት በሰዓታት ይሞታል። ኮሶ፣ ሰናመኪ፣ የጉሎ ዘይት እንዳትጠጡ፤ ሆዳችሁንም ማንም እንዳያሽ። «ይንጋና እናያለን» አትበሉ፤ ልጅ ቀስቅሳችሁ ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራበት ሆስፒታል ሂዱ። ከዚህ ቀደም ሆዳችሁ ተቀዶ ከሆነ፣ መጨረሻ የበላችሁት ምን እንደሆነ፣ አየር መጨረሻ የወጣው መቼ እንደነበር ሳታፍሩ ተናገሩ፤ በመጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ይህንኑ ነው።