ጥፋቱ የወጌሻው ብቻ ነው?

ጎንደር ላይ ልጅ ኳስ ሲጫወት እግሩ ከታጠፈ ቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ወጌሻውም ያሻል፣ ይጎትታል፣ በቀርከሃ ጥፍር አድርጎ ያስራል። ወለምታ ይሁን ስብራት ማን ለየው? ትኩስ ጉዳት ሲታሽ እብጠቱ ይብሳል። ጠብቆ የታሰረ እግርማ ደም ካጣ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ በሀገራችን በዚህ ሰበብ የተቆረጠው እጅና እግር ጥቂት አይደለም።

«ወጌሻን ማገድ ነው» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ እናውቀዋለን፤ ለደጋው ገበሬ ግን ራጅ ሩቅ ነው።

እኔ የምከሰው የተማርነውን ነው። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጤና ኮሌጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ፊዚዮቴራፒ ያስተምራል። ፋሲል ከነማም በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ አንስቷል። ዕውቀቱም የኳስ ፍቅሩም እዚሁ ነው። ታዲያ ለወጌሻውና ለስፖርት መምህሩ ይህችን ማስተማር ምን ይከብዳል? አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው ራጅ ይነሳ። ወለምታ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን አይታሽ፤ እግሩ ከፍ ብሎ በቀዝቃዛ ጨርቅ ይያዝ። የታሰረ እግር ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይ ከጠቆረ ማሰሪያው ያኔውኑ ተፈትቶ ልጁ ሆስፒታል ይሂድ።

ለዚህ የግማሽ ቀን ስብሰባ ይበቃል። በስብሰባ ደግሞ ማን ይበልጠናል!