ሉዓላዊነት ከጎተራ ይጀምራል

ወገን፣ ስለ ዓድዋ ስናወራ ስለ ጎራዴው፣ ስለ ጋሻው፣ ስለ ፈረሱ እናወራለን። ስለ በሶው ግን አናወራም።

በየካቲት 1888 ዓ.ም. ጄኔራል ባራቴሪ ምሽጉ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅ የነበረው አንድ ነገር ነው፤ የኢትዮጵያ ጦር ስንቅ እስኪያልቅበት። ስሌቱም ከንቱ አልነበረም። ያን ሁሉ ሠራዊት አካባቢው ለረጅም ጊዜ ሊመግበው አይችልም ነበር፣ የተያዘው ስንቅም እየተሟጠጠ ነበር። የሮም አለቆቹ አጣደፉት፣ ወጥቶ ተዋጋ፣ ተሸነፈ። ጥቂት ቀን ቢታገስ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር እግዜር ይወቅ። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ መቀሌ ላይ የጣሊያንን ምሽግ ያስለቀቀውም ጥማት ነው፤ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የሚጠጣው ውሃ ተያዘበት።

አባቶቻችን ይህን በደንብ ያውቁት ነበር። ስንቅህን የያዘ እጅህን ይዟል። ታዲያ ዛሬ የእኛን ስንቅ የያዘው ማነው?

ከማዳበሪያው እንጀምር። ገበሬያችን የሚጠቀመው ዩሪያና ኤንፒኤስ በዶላር ተገዝቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ጅቡቲ ተራግፎ፣ በከባድ መኪና ተጓጉዞ ነው ማሳ የሚደርሰው። ያውም ከደረሰ! እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያና ዩክሬን ጦርነት ሲገጥሙ የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ ጣሪያ ነካ። እኛ ያልተኮስነው ጥይት ጎጃምና አርሲ ድረስ መጥቶ የገበሬውን ኪስ መታ። በ2015 ዓ.ም. ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ ማዳበሪያ ያጡ ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አቤት አሉ። ዝናብ ቀጠሮ አይሰጥም። ሐምሌ ላይ ያልደረሰ ማዳበሪያ መስከረም ላይ ቢደርስ ምን ያደርጋል?

እርዳታውንስ እንይ። በዚያው በ2015 ዓ.ም. ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም “እርዳታው ለተረጂው ሳይሆን ለሌላ እየዋለ ነው” ብለው በመላ ሀገሪቱ የምግብ እርዳታ ለወራት አቆሙ። እህሉን የሸጡት ሰዎች አንድ ቀን ጾማቸውን አላደሩም። የተራበችው ራሽኗን የምትጠብቀው እናት ናት። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዋሽንግተን ላይ መንግሥት ሲቀየር የውጭ እርዳታ በአንድ ፊርማ ታገደ። አሜሪካውያን ገንዘባቸው ነው፣ መብታቸው ነው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ የሚሊዮኖች እራት በሰው ሀገር ምርጫ ውጤት ላይ የሚንጠለጠለው እስከ መቼ ነው?

ዘይቱ ደግሞ ያስቃልም ያስለቅሳልም። ኑግ የተገኘው እዚሁ እኛ ሀገር ነው። ሰሊጣችንን ከሑመራና ከመተማ ጥሬውን ወደ ውጭ እንልካለን። ከዚያ የፓልም ዘይት ከእስያ በዶላር ገዝተን ሽሮ እንሠራለን።

አሁን አንዳንዱ “መፍትሔውማ ቀላል ነው፣ ብዙ ማምረት ነው” ይላል። ማምረትማ አለብን። ግን ብዙ ማምረትና ክፉ ቀንን መቋቋም አንድ አይደሉም። ልዩነቱን የስንዴያችን ታሪክ በደንብ ያስረዳል።

ኩብሳ የሚባል የስንዴ ዝርያ ነበር። ምርታማ ስለሆነ በሰፊው ተዘራ፤ በየማሳው ኩብሳ ሆነ። በ2002/03 የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ ገባና ያን ሁሉ ማሳ በአንድ ጊዜ አጠቃው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዝርያው አንድ ከሆነ ድክመቱም አንድ ነው፣ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላል። ከዚያ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል የተባለ ዲገሉ የሚባል ዝርያ ተተካ። እሱም በተራው በሰፊው ተዘራ። በ2005/06 ደግሞ የግንድ ዋግ መጣና ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉን አነደደው። በጥቂት ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ በአንድ ጉድጓድ ወደቅን ማለት ነው።

ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ “ክፉ ቀን” የምንለውን ዘመን ያመጣው የከብት ደስታ በሽታ ነው። ጣሊያን በምጽዋ በኩል ባስገባው ከብት መጣ ይባላል። በሬው አለቀ። ሁሉም እርሻ በበሬ ጫንቃ ላይ ስለነበር በሬው ሲያልቅ ማረስም ቀረ፤ ድርቁና አንበጣው ሲጨመርበት ሀገር ረገፈ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ አንስተው ቆፍረው ለሕዝቡ አርአያ ሆነዋል ይባላል። የመሣሪያው ጉዳይ አይደለም፤ አንድ ነገር ላይ ብቻ የቆመ ቤት ያ ነገር ሲሰበር ይፈርሳል።

የሚቋቋም የምግብ ሥርዓት ማለት እንግዲህ በእኔ አማርኛ ይኼ ነው፦ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ቆሞ የሚጠብቅ። አንዱ ዘር ቢታመም ሌላው፣ የበልጉ ዝናብ ቢቀር የመኸሩ፣ የዘንድሮው ምርት ቢከዳ የአምናው ጎተራ፣ ወደቡ ቢዘጋ የጓሮው ፍግ።

ደስ የሚለው፣ ይህን እውቀት ከማንም መበደር የለብንም። በደቡቡ ክፍል በሚሊዮን የሚቆጠር ወገናችን እንሰት ይተክላል። እንሰት እንደ እህል የአንድ ክረምት እስረኛ አይደለም፤ ለዓመታት ማሳ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ቆጮውም ጉድጓድ ውስጥ ለወራት፣ ከዚያም በላይ ይቀመጣል። የኮንሶ ሕዝብ ተራራውን በድንጋይ እርከን ደርድሮ አፈሩን ይዞ ኖሯል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው። በሰሜኑ ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ የሚዘራ ገበሬ አለ፤ ትግራይ ውስጥ ሃንፈጽ ይሉታል። ዝናቡ ቢያጥር ገብሱ ይደርሳል፣ ቢረዝም ስንዴው ያተርፋል። ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጠም፤ ኩብሳ ላይ የሆነው ግን እሱ ማሳ ላይ አይሆንም።

ዘራችን ለዓለምም ተርፏል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ገብስን የሚያቀጭጭ ቫይረስ ምርቱን ሲያጠፋ መከላከያው የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 እዚህ መጥቶ ዘር ሰብስቦ ሄዷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሌኒንግራድ ስትከበብ የእሱ ተቋም ሳይንቲስቶች ያን የዘር ክምችት ሳይነኩ በረሃብ ሞቱ። ልብ በሉ! ሊበሉት የሚችሉት እህል አጠገባቸው ተቀምጦ ነው የሞቱት፤ ዘር ከተበላ ነገ የለም ብለው።

እኛም ዘር ጠባቂ ነበሩን። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የዘር ባንክ ተቋቋመ። ለዓመታት የመሩት ዶ/ር መላኩ ወረደ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ የተረዱት ነገር አለ፤ የተራበ ገበሬ የዘር እህሉን ይበላል፣ ሲበላው ደግሞ በሺህ ዓመት የተመረጠ ዝርያ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ዘሩን ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆልፈው አልተቀመጡም፤ ወደ ገበሬው ማሳ መልሰው ከገበሬው ጋር ማሻሻል ያዙ። ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 “አማራጩ ኖቤል” የሚባለውን ሽልማት ተሸለሙ። ስንቶቻችን ስማቸውን እናውቃለን? የእግር ኳስ ተጫዋች ስም ጠይቁኝ፣ ሃያ እቆጥራለሁ።

የራስህን ንብረት ካላወቅክ ሌላ ያውቅልሃል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አውጥቶ ነበር። ጤፍ! የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ ኔዘርላንድ ውስጥ ዋጋ የለውም ያለው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ያን ሁሉ ዓመት የእኛን እንጀራ ባለቤትነት ሰው ሲከራከርበት ኖረ።

“ታዲያ ወደ አያቶቻችን እርሻ እንመለስ ነው የምትለው?” የሚል አይጠፋም። አይደለም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሆነናል፤ የአብዛኛው ገበሬ ማሳ አንድ ሄክታር አይሞላም። ምርጥ ዘር ያስፈልጋል፣ ማዳበሪያም ያስፈልጋል። ግን ምርጥ ዘር ማለት የግድ ከውጭ የመጣ ማለት አይደለም። ቁንጮ ጤፍን ተመልከቱ። ደብረ ዘይት ላይ የእኛው ተመራማሪዎች የእኛኑ ሁለት ጤፎች፣ ምርታማውንና ነጩን፣ አዳቅለው እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ነው። ገበሬው እየተሻማ ወሰደው። ሳይንስና የአያት ዘር ሲጋቡ ልጁ ቁንጮ ሆነ። መንገዱ ይኼ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይም አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ሪፖርት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም 673 ሚሊዮን ያህል ሰው ተርቧል። የሰው ልጅ ከዕፅዋት ከሚያገኘው ጉልበት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ደግሞ ከሩዝ፣ ከስንዴና ከበቆሎ ነው። ዓለም ራሷ ኩብሳ ላይ ተቀምጣለች ማለት ነው። ጤፍ፣ እንሰት፣ ዳጉሳ፣ ማሽላ፣ ኑግ ያለው ሕዝብ ለዓለም የሚያካፍለው ነገር አለው። ግን መጀመሪያ የራሱን ጎተራ ይሙላ።

እንግዲህ ምን እንጠይቅ? ምንስ እናድርግ?

መጀመሪያ ዘር። ኤጀሬና ጨፌ ዶንሳ ላይ ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የዘር ባንክ አላቸው፤ ዘር ይበደራሉ፣ ምርት ሲደርስ በዘር ይመልሳሉ። ይህ በየወረዳው የማይኖርበት ምክንያት የለም። የወረዳ ምክር ቤት ተመራጭ ስታገኙ ስለ አዲስ አስፋልት ብቻ አትጠይቁት፤ የዘር ባንካችን የት አለ በሉት።

ሁለተኛ ጎተራ። ገበሬው ዓመት ለፍቶ ያስገባውን እህል ነቀዝና አይጥ ይቀማዋል። ነቀዙን ስለሚፈራና ዕዳ ስላለበት ጥር ላይ ዋጋው ሲወድቅ ይሸጣል፣ ነሐሴ ላይ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። አየር የማያስገባው ከረጢት ነቀዙን ያለ መድኃኒት አፍኖ ይገድለዋል። ትራክተር አይደለም፣ ከረጢት ነው! ይህን ገዝቶ ለቀበሌው ማከፋፈል ለተደራጀ ወጣት ሥራ ነው።

ሦስተኛ አፈር። ከምናርሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲድ የተጠቃ ነው ይባላል። እንዲህ ያለ አፈር ላይ ውድ ማዳበሪያ መበተን ቀዳዳ እንስራ ውስጥ ውሃ እንደመቅዳት ነው፤ ኖራ ያስፈልገዋል። የኖራ ድንጋይ ደግሞ ሀገር ውስጥ ሞልቶናል፣ ዶላር አይጠይቅም። ጎዴ ላይ ከዳንጎቴ ጋር በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ያመርታል የተባለው ፋብሪካ መሠረቱ ተጥሏል። እሰየው፣ ይለቅልን። ግን ፋብሪካው እስኪያልቅ አፈሩ አይጠብቅም። ኖራውና ኮምፖስቱ ዘንድሮ ይጀመር።

አራተኛው ይከብዳል፣ ግን ካልተባለ ይህ ሁሉ ወሬ ነው። ጦርነት። የታረሰ ማሳ ላይ የሚሮጥ ፒካፕ፣ የሚቃጠል ክምር፣ የሚታረድ የገበሬ በሬ፣ መንገድ ላይ የሚታገድ የማዳበሪያ መኪና ወገን የለውም። ያደረገው የምንጠላው ይሁን የምንደግፈው፣ ገበሬውን ካስራበ የዚህ ሀገር ጠላት ነው። አንዱ ሲያደርገው “ግፍ”፣ ሌላው ሲያደርገው “ትግል” ብለን ከጠራነው ሀገር ወዳድነታችን ውሸት ነው።

የመጨረሻው እኛን ይመለከታል። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ዲግሪዬን ይዤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የምቆም ነኝ። ለሁለት ክፍት ቦታ ስንት መቶ ሰው እንደሚሰለፍ አውቃለሁ። እና “ገጠር ግቡ” ብዬ አልሰብክም፤ መሬትና ብድር ሳይሰጡት ወጣቱን እረስ ማለት ስድብ ነው። ግን ሥራው በሬ መጥመድ ብቻ አይደለም። ዘር ማባዛት፣ መውቂያ ማሽን ማከራየት፣ ኖራ ማቅረብ፣ ኑግ ጨምቆ ዘይት ማሸግ፣ የገበያ ዋጋ በስልክ ለገበሬ ማድረስ፣ ሁሉም የተማረ እጅ ይፈልጋል። ተደራጅተን መሬቱንና ብድሩን እንጠይቅ፤ መልሱ እንቢ ከሆነ ማን እንቢ እንዳለ በስሙ እንወቅ።

ባንዲራ ፕሮፋይል ላይ ማድረግ ጥሩ ነው። ባንዲራውን የሚይዘው እጅ ግን መብላት አለበት።

ለዛሬ አንድ የቤት ሥራ። ማታ አያቶቻችሁ ጋ ደውሉ። በልጅነታችሁ ይዘራ የነበረ፣ ዛሬ ግን የጠፋ የጤፍ፣ የገብስ፣ የማሽላ ዘር ስም ጠይቋቸው። ወሎ ውስጥ ወተት በጉንጬ የሚባል ማሽላ አለ፤ ስሙ ራሱ ያጠግባል። የሰማችሁትን ስም ከነአካባቢው ከዚህ ሥር ጻፉ፤ ማን አሁንም ዘሩ እንዳለውም ጠይቁ። እፍኝ ከተገኘ እፍኝ ይበቃል፤ ጎተራ የሚሞላው ከእፍኝ ነው።

ኢትዮጵያ ጠግባ፣ ተከብራ ትኑር!