የራሷ መዝሙር የሌላት አገር፦ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና የስታዲየም ማንነት

በአማርኛ «እንግሊዝ» ስንል ብዙውን ጊዜ መላውን ዩናይትድ ኪንግደም ማለታችን ነው። አዲስ አበባ የሚገኘውን የብሪታንያ ኤምባሲ «እንግሊዝ ኤምባሲ» ብለን ስንጠራው ስኮትላንድን፣ ዌልስንና ሰሜን አየርላንድን በአንድ ቃል ጠቅልለን እናልፋለን። ይህን መደባለቅ የፈጠርነው ግን እኛ ብቻ አይደለንም። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ሜዳ በገባ ቁጥር እንግሊዛውያን ራሳቸው ቆመው ይዘምሩታል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ሙግት አንድ ነው፦ በእንግሊዝና በስኮትላንድ ግጥሚያዎች ላይ የሚሰማው የመዝሙር ውዝግብ በዋነኛነት የሚመነጨው ከስኮትላንዳውያን ጥላቻ ሳይሆን እንግሊዝ የራሷ የሆነ መዝሙር ስለሌላት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሁለቱ አገሮች ምክር ቤቶች በ1707 ሲዋሐዱ ስኮትላንድ የራሷን ሕግና ቤተ ክርስቲያን ጠብቃ ስትቆይ የራሷን ፓርላማ ግን አጣች። ዘመናዊ ስፖርት ሲደራጅ ይህን ክፍተት በከፊል ሞላው። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የራግቢ ግጥሚያ በ1871 በኤድንበርግ፣ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የእግር ኳስ ግጥሚያ ደግሞ በ1872 በግላስጎው ተካሄደ፤ በሁለቱም የተፋለሙት ስኮትላንድና እንግሊዝ ነበሩ። ፓርላማ ያልነበራት አገር በዓለም ፊት የምትቆምበት ቡድን አገኘች።

ቡድን ካለ መዝሙር ያስፈልጋል። የዩናይትድ ኪንግደም መዝሙር የሆነው «እግዚአብሔር ንጉሡን ይጠብቅ» በለንደን ቲያትር ቤቶች በሕዝብ ፊት መዘመር የጀመረው በ1745 ነው። በዚያ ወቅት የስቱዋርትን ሥርወ መንግሥት ለመመለስ በስኮትላንድ የተነሣው ጦር ኤድንበርግን ይዞ ነበር። ያን ዐመፅ የተቃወሙ ስኮትላንዳውያን ብዙ ስለነበሩ መዝሙሩን በስኮትላንድ ላይ የተዘመረ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ሆኖም የልደቱ ወቅት ከትዝታ አልጠፋም። በ1980ዎቹ ይህ መዝሙር በስኮትላንድ ስታዲየሞች ሲዘመር ከተመልካቹ ፉጨት ይሰማ ነበር። በመጋቢት 1990 ግን በመሬይፊልድ ስታዲየም የስኮትላንድ የራግቢ ቡድን ከእንግሊዝ ጋር ሲገናኝ «የስኮትላንድ አበባ» ተዘመረ። በ1960ዎቹ ሮይ ዊሊያምሰን የደረሰው ይህ መዝሙር ስኮትላንዳውያን በ1314 በባነክበርን ንጉሥ ኤድዋርድ ሁለተኛን ያሸነፉበትን ጦርነት ያስታውሳል። ስኮትላንድ በዚያ ቀን 13 ለ7 አሸነፈች። እግር ኳሱም በ1997 መዝሙሩን ተቀበለ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቡድኖች ሲገናኙ አንደኛው የራሱን፣ ሌላኛው የጋራውን መዝሙር ይዞ ይሰለፋል። የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። የጋራው መዝሙር የተጋጣሚው መለያ ሲሆን ስኮትላንዳዊው ተመልካች የእኔም ነው ብሎ ሊሰማው ይቸግረዋል። ሲያፏጭም የሚያፏጨው በእንግሊዝ ቡድን ላይ ይሁን፣ በዘውዱ ላይ ወይስ በኅብረቱ ላይ መለየት አይቻልም። የራስን መዝሙር መዘመር ግን የጋራውን መካድ አይደለም። የስኮትላንድ ራግቢ ማኅበር የበላይ ጠባቂ የሆኑት ልዕልት አን የንጉሡ እኅት ሆነው ሳለ «የስኮትላንድ አበባ»ን በስታዲየም ይዘምራሉ። የኤድንበርጉ ብስክሌተኛ ክሪስ ሆይ በ2002 በማንቸስተር የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ለስኮትላንድ፣ በ2008 በቤጂንግ ኦሎምፒክ ደግሞ ለብሪታንያ ወርቅ አጥልቋል፤ በአንደኛው መድረክ የስኮትላንድ ዜማ፣ በሌላው የጋራው መዝሙር ተሰምቶለታል። ሁለቱ ማንነቶች በአንድ ሰው ውስጥ ተስማምተው የኖሩት እያንዳንዱ የራሱ ቦታ ስላለው ነው።

እንግሊዛውያንም ይህን የሚፈልጉ ለመሆናቸው ምልክቶች አሉ። በ1966 የዓለም ዋንጫ የዌምብሌይ ተመልካቾች በብዛት ያውለበለቡት የኅብረቱን ሰንደቅ ነበር፤ በ1996 የአውሮፓ ዋንጫ ግን የቅዱስ ጊዮርጊስ መስቀል ያለበት ሰንደቅ ገንኖ ታየ። በ2010 ለኮመንዌልዝ ጨዋታዎች የሚሆን መዝሙር እንዲመርጥ ሕዝቡ ሲጠየቅ በዊሊያም ብሌክ ግጥም ላይ ሂዩበርት ፓሪ በ1916 ዜማ የሠራለትን «ኢየሩሳሌም»ን መረጠ። በ2016 ለእንግሊዝ የራሷ መዝሙር እንዲኖራት የሚጠይቅ ረቂቅ ለፓርላማ ቀርቦ ነበር፤ ሕግ ሳይሆን ቀረ እንጂ።

የተለየ መዝሙር ኅብረቱን ያፈርሳል የሚል ሥጋት መኖሩ አያስገርምም። ነገር ግን ስኮትላንዳውያን የራሳቸውን መዝሙር በስታዲየም መዘመር ከጀመሩ ከ24 ዓመታት በኋላ፣ የባነክበርን 700ኛ ዓመት በተከበረበት በ2014፣ በሕዝበ ውሳኔ 55 በመቶ ድምፅ ሰጪዎች በኅብረቱ መቆየትን መርጠዋል። ይህ መዝሙር የኅብረት ዋስትና መሆኑን አያረጋግጥም፤ መዝሙር በራሱ መገንጠልን እንደማያስከትል ግን ያሳያል። በአንጻሩ «የስኮትላንድ አበባ» ራሱ ማንነትን በጥንቱ ጠላት በኩል የሚገልጽ መሆኑ ሊተች ይገባዋል። ይህን ትችት በሙሉ ልብ መሰንዘር የሚችለው ግን የጋራውን መዝሙር ለብቻው የማይዝ ተጋጣሚ ነው።

ስለዚህ የእንግሊዝ የእግር ኳስና የራግቢ ማኅበራት የፓርላማን ሕግ ሊጠብቁ አይገባም ባይ ነኝ። በ1990 ስኮትላንድ መዝሙሯን ስትቀይር ውሳኔው የስፖርት ማኅበሯ እንጂ የሕግ አውጪ አልነበረም። እንግሊዝ ለራሷ ግጥሚያ የራሷን መዝሙር ብትመርጥ «እግዚአብሔር ንጉሡን ይጠብቅ» ለአራቱም አገሮች በእኩል ይመለሳል። የዚያን ጊዜ የሚያፏጭ ተመልካች ቢኖር እንኳ የሚያፏጨው በተጋጣሚው ላይ እንደ ሆነ በግልጽ ይታወቃል።