ለሆስፒታል ወሊድ አማራጭ፦ የማዋለጃ ማዕከሉ በየሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ ነው

በልዩ ልዩ አገሮች የማዋለጃ ማዕከል የሚባለው ተቋም፣ እርግዝናዋ እክል ያልታየበት እናት በአዋላጅ ነርሶች እገዛ፣ ያለ አስፈላጊነቱ ምጧ ሳይፋጠንና ቀዶ ሕክምና ሳይደረግላት የምትወልድበት፣ ችግር ሲገጥማት ደግሞ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል የምትተላለፍበት ስፍራ ነው። ለከተሞቻችን፣ በተለይም ለአዲስ አበባ፣ ከሆስፒታል ሌላ የመውለጃ አማራጭ ያስፈልጋል ሲባል እንዲህ ያለ አዲስ ተቋም መገንባት ቀድሞ መታሰቡ አይቀርም። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን ተቋሙ አለን፤ ስሙ ጤና ጣቢያ ነው። የጎደሉት እናቲቱን የሚያስመርጥ አያያዝና የማይበጠስ የሪፈራል ሰንሰለት ናቸው።

አማራጭ የሚያስፈልግበትን ምክንያት አኃዞች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከተመዘገቡት ወሊዶች ውስጥ በጤና ተቋም የተፈጸሙት 26 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አመልክቷል። በአዲስ አበባ ግን መጠኑ 97 በመቶ ነበር። በቀዶ ሕክምና የተወለዱት በአገር አቀፍ ደረጃ 2 በመቶ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 21 በመቶ ገደማ ነበሩ። ጥናቱ መረጃውን የሰበሰበው ከሆስፒታል መዝገብ ሳይሆን ከየቤቱ በመሆኑ፣ የመዲናዋ ቁጥር ከፍ ያለው ከክልል በሚላኩ ሕሙማን ምክንያት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መግለጫ በሕዝብ ደረጃ የቀዶ ሕክምና ወሊድ ከ10 በመቶ ሲያልፍ ከእናቶችና ከጨቅላ ሕፃናት ሞት መቀነስ ጋር እንደማይያያዝ ገልጿል። ስለዚህ አንዲት አገር በአንድ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ችግሮችን ተሸክማለች፦ በገጠር ቀዶ ሕክምናው ለሚያስፈልጋት አይደርስም፤ በከተማ ደግሞ ለማያስፈልጋት ጭምር የሚደርስ ይመስላል።

የማዋለጃ ማዕከል ደኅንነት በሰፊው ከተመረመረባቸው ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ ይፋ የሆነው የመውለጃ ቦታ ጥናት ነው። ጥናቱ ዝቅተኛ ሥጋት ያላቸውን ከ64,000 በላይ እናቶች ያካተተ ሲሆን፣ በአዋላጆች በሚመሩ ማዕከላት ለመውለድ ባቀዱትና በሆስፒታል ለመውለድ ባቀዱት መካከል በሕፃናቱ ላይ በደረሰ ከባድ ጉዳት ረገድ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። በማዕከላቱ ለመውለድ ያቀዱት በቀዶ ሕክምና የመውለዳቸው ዕድልም ያነሰ ነበር። ይህን ውጤት የሚጠቅሱ ሁሉ ግን ተከታዩን ግኝት አብረው ሊጠቅሱ ይገባል፦ ከሆስፒታል ተነጥለው በቆሙት ማዕከላት ከጀመሩት የመጀመሪያ ወላጆች መካከል 36 በመቶ የሚሆኑት በምጥ ላይ ወይም ከወሊድ በኋላ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ተዛውረዋል። እንግዲህ የተለካው የሕንፃው ደኅንነት ብቻ አልነበረም፤ አዋላጇን፣ አምቡላንሱንና ተቀባዩን ሐኪም ያስተሳሰረው ሥርዓት ጭምር እንጂ።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ሰው እንዲያገለግል የታቀደ ነው፤ ወሊድን የሚያስተናግዱት በዋናነት አዋላጅ ነርሶች ናቸው፤ አገልግሎቱም ያለ ክፍያ ይሰጣል። ቀዶ ሕክምናና ደም መስጠት የሆስፒታሉ ድርሻ ነው። በአወቃቀር ረገድ ይህ ከማዋለጃ ማዕከል በምን ይለያል? ሆኖም ብዙ እናቶች በደጃቸው ያለውን ጤና ጣቢያ አልፈው ወደተጨናነቀ ሆስፒታል ያመራሉ። ይህን እንደ ግንዛቤ ማነስ መቁጠር ስሕተት ነው። በምጥ መካከል ችግር ቢፈጠር አልጋ ፍለጋ ከሆስፒታል ሆስፒታል መንከራተት እንደሚመጣ የምትፈራ እናት፣ አስቀድማ ሆስፒታል መገኘቷ ምክንያታዊ ውሳኔ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የአያያዝ ነው። በባህላችን ወላድ ብቻዋን አትተውም፤ እናቷ፣ እኅቷ፣ ጎረቤቷ ከጎኗ ናቸው፤ ገንፎው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የምጥና የወሊድ ክብካቤ መመሪያም እናቲቱ የመረጠችው ሰው በምጥ ጊዜ አብሯት እንዲሆን፣ እንድትንቀሳቀስና የሚመቻትን አቋም እንድትመርጥ ይመክራል። ገንፎና ቡና በጤና ተቋም እንዲዘጋጁ የፈቀዱ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ይህን ቀድመው ተረድተውታል። የከተማው ማዋለጃ ክፍል አስታማሚን ከበር ሲመልስ ግን ባህሉንም ሳይንሱንም ይተዋል።

ብርቱው ተቃውሞ፣ ዝቅተኛ ሥጋት አላት የተባለች እናትም ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም ሊፈስሳት እንደሚችልና ይህን አስቀድሞ ማወቅ እንደማይቻል የሚያስገነዝበው ነው። ተቃውሞው እውነት ነው፤ የሚያስከትለው መደምደሚያ ግን ሁሉም በሆስፒታል ይውለድ የሚል ሳይሆን፣ ሪፈራሉ በደቂቃ የሚለካ ይሁን የሚል ነው። መንገዱ ይህን በማይፈቅድበት የገጠር አካባቢ መፍትሔው ሌላ ነው፤ በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ እንዳደረገው፣ እናቶች መውለጃቸው ሲቃረብ ሆስፒታሉ አጠገብ የሚያርፉበትን ማቆያ ማዘጋጀት ይመረጣል።

ስለሆነም ሦስት እርምጃዎች ሊቀድሙ ይገባል፦ ማን በጤና ጣቢያ፣ ማን በሆስፒታል እንደምትወልድ የሚወስን ግልጽ መስፈርት፤ እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ «አልጋ የለም» ሊለው ከማይችል አንድ ሆስፒታል ጋር መተሳሰሩ፤ የወላድ አስታማሚም በር ላይ አለመመለሱ። ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች ደግሞ አንድ የቤት ሥራ አለ። መዝገቦቻችን ወሊዱን የሚጽፉት በተፈጸመበት ቦታ እንጂ በታቀደበት አይደለም። ከጤና ጣቢያ ዘግይታ የተላከች እናት ሆስፒታል ውስጥ ብትሞት፣ ሞቷ የሆስፒታሉ ሆኖ ይቆጠራል፤ የጤና ጣቢያው መዝገብ ንጹሕ ይመስላል። የታቀደውን ቦታ፣ የሪፈራሉን ሰዓትና የደረሰችበትን ሰዓት አብሮ የሚመዘግብ ጥናት እስኪኖረን ድረስ፣ የትኛው ስፍራ ለየትኛዋ እናት ይበጃል የሚለውን ክርክር በግምት ከመቀጠል አንወጣም።