ጨዋታው ሲቆም ኪሳራው የማን ነው?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1994 የ14 ዓመቷ ቪነስ ዊልያምስ በኦክላንድ ኮሊሲየም አዳራሽ የመጀመሪያውን ፕሮፌሽናል ግጥሚያዋን አድርጋ ሾን ስታፎርድን አሸነፈች። ወደ ውድድሩ የገባችው በደረጃዋ ሳይሆን በአዘጋጆቹ ልዩ ግብዣ ነበር። ያ ውድድር በ1971 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጀመረ፣ ከኦክላንድ በኋላ ወደ ስታንፎርድ፣ በ2018 ደግሞ ወደ ሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተዛወረ ነው። የዊምብልደንን ያህል ስም አልነበረውም፤ የሙያው መሰላል የሚቆመው ግን በእንዲህ ያሉ መካከለኛ እርከኖች ላይ ነው።

በ2020 ያ እርከን ጠፋ። ማርች 16 ቀን ሳንታ ክላራንና አላሚዳን ጨምሮ ስድስት የቤይ ኤሪያ ካውንቲዎች ነዋሪው ከቤቱ እንዳይወጣ አዘዙ፤ በዚያው ዓመት ይጠበቅ የነበረው የሳን ሆዜ ውድድርም ተሰረዘ። የጤና ባለሥልጣናቱ ውሳኔ ትክክል ነበር። ትክክለኛ ውሳኔ ግን ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም አይናገርም፤ ያንን የወሰነው ከወረርሽኙ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ የተጻፈ ውል ነው።

እስከ 2019 ድረስ በዚያው የኦክላንድ አዳራሽ ይጫወቱ የነበሩት የዋሪየርስ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች፣ ሊጋቸው ማርች 11 ቀን ሲቋረጥ ከደመወዛቸው ከፊሉ ቢያዝም፣ ቀጣሪም ማኅበርም የኅብረት ስምምነትም ነበራቸው። የቴኒስ ተጫዋች ግን ቀጣሪ የለውም። የአሠልጣኙን ክፍያ፣ የአውሮፕላን ትኬቱንና የሆቴሉን ወጪ ራሱ ይሸፍናል፤ ስመ ጥር ካልሆነ በቀር ገቢ የሚያገኘው ሲጫወት ብቻ ነው። በሳን ሆዜ ኤርፖርት ታክሲ ለሚነዳ ኢትዮጵያዊ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። መኪናው የእሱ፣ ነዳጁ የእሱ፣ መንገደኛ የጠፋ ዕለት ኪሳራውም የእሱ ነው። ለእሱ ግን የአሜሪካ ምክር ቤት በዚያው ማርች ባወጣው ሕግ የሥራ አጥነት ክፍያ በግል ለሚሠሩም እንዲዳረስ ፈቅዷል። ዓለም አቀፉ ቴኒስ እንዲህ ያለ መንግሥት የለውም።

ያለው ሰባት አለቃ ነው፦ የወንዶቹና የሴቶቹ ማኅበራት፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽንና አራቱ ታላላቅ ውድድሮች። እነዚህ ተሰባስበው በሜይ 2020 ለ800 ያህል ተጫዋቾች ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ፤ ለአንድ ሰው በአማካይ 7,500 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰረዘው ዊምብልደን ግን ለዓመታት አረቦን ሲከፍልበት ከቆየው መድን ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳገኘ በሰፊው ተዘግቧል። እርግጥ ነው፣ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ለ620 ተጫዋቾች አከፋፍሏል፤ ችሮታ ግን መብት አይደለም።

ወቅቱ ሲቀጥልም ሚዛኑ ወደ ላይ አጋደለ። ኦገስት 31 ቀን ያለ ተመልካች የተጀመረው ዩኤስ ኦፕን በመጀመሪያው ዙር ለሚሸነፍ ተጫዋች እንኳ 61,000 ዶላር መደበ፤ ዝቅተኛ ደረጃ ያላቸው የሚገቡበትን የማጣሪያ ውድድር ግን ሰረዘ። ለወራት ታግዶ የነበረው የደረጃ ሰንጠረዥም ሲከፈት የ2019 ነጥቦች እንዲቆዩ ተደረገ። ቦታ የያዘ ቦታውን ጠበቀ፤ ከታች የሚመጣ ወጣት መውጫው ጠበበው።

መፍትሔው ዊምብልደን ካደረገው ብዙም አይርቅም። እያንዳንዱ ውድድር ከመልካም ዓመት ገቢው ትንሽ ድርሻ ለጋራ መድን ቢያዋጣ፣ ክፍያው የደረጃ ሳይሆን የሙያ መብት ይሆናል። የወንዶቹ ማኅበር በ2023 ያስታወቀው የዝቅተኛ ገቢ ዋስትና ጥሩ ጅምር ቢሆንም በ250ኛ ደረጃ ላይ ያበቃል፤ ሴቶቹንም አይመለከትም።

የሳን ሆዜው ውድድር በ2021 እና በ2022 ተመልሶ ተካሄደ። በ2023 ግን የካሌንደሩ ቦታ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ተዛውሮ እዚያ ከሚካሄደው የወንዶች ውድድር ጋር ተዋሐደ። የዩኒቨርሲቲው ሜዳዎች ባሉበት ቀሩ፤ ለኦክላንድ ወይም ለሳን ሆዜ ታዳጊ በልዩ ግብዣ ይከፈት የነበረው በር ግን አሁን በአገሩ ሌላኛው ጫፍ ነው።